ኪፓንዴ ሃውስ

ኪፓንዴ ሃውስ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ኬንያታ ጎዳና ከሎይታ መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የቆመ የድንጋይ ሕንፃ ነው። በ1913 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሲሠራ ለምድር ባቡር ዕቃ ማከማቻ ነበር። በኋላ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት አፍሪካውያን ሠራተኞችን የሚመዘግብበት ቢሮ ሆነ፤ ዛሬ የኬሲቢ ባንክ ቅርንጫፍ ይሠራበታል። ስሙን ያገኘው በምዝገባው ዘመን ነው።

አቀማመጥ

ከከተማው በስተደቡብ፣ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለው ከሳውዝ ሲ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ የሚመጣ ሰው የኡሁሩን አውራ ጎዳና ይዞ ይሄድና ኬንያታ ጎዳና ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በቀኝ በኩል የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚገኝበት ንያዮ ሃውስ አለ። ከእሱ ሥር ያለው አነስተኛ የድንጋይ ቤት፣ የዛሬው የናይሮቢ ጋለሪ፣ እንደ ኪፓንዴ ሃውስ በ1913 የተሠራ ሲሆን በጊዜው ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት የአስተዳዳሪው ጽሕፈት ቤት ነበር። ኪፓንዴ ሃውስ ከነዚህ ማዶ፣ በመንገዱ ግራ ይታያል።

ግንባታ

ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ስትቆረቆር ቤቶቿ በአብዛኛው የእንጨትና የቆርቆሮ ነበሩ። በ1902 ወረርሽኝ በመግባቱ የሕንዶች ገበያ እንዲቃጠል ተደረገ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ ከተዛወረ ወዲህ ግን በአካባቢው በሚፈለጠው ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚገነቡ ሕንፃዎች በረከቱ። ሐዲዱን ለመዘርጋት ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ከሕንድ መጥተው ስለነበር፣ በዚያን ጊዜዋ ናይሮቢ በድንጋይ ጠራቢነት፣ በአናጢነትና በሥራ ተቋራጭነት ሕንዶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የኪፓንዴ ሃውስ ንድፍም የጉርዲት ሲንግ ናየር ሥራ ነው። ሕንፃው እስከ 1935 ድረስ የከተማዋ ረጅሙ ሕንፃ እንደነበረ ይነገርለታል።

የኪፓንዴ ዘመን

ኪፓንዴ በስዋሂሊ ቁራጭ ማለት ሲሆን፣ አፍሪካውያን ወንዶች እንዲይዙት ይገደዱ የነበረው የመታወቂያ ወረቀት መጠሪያ ሆነ፤ ሕንፃውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሕጉ በ1915 ቢወጣም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በተግባር የዋለው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ወረቀቱ የያዡን ስም፣ ጎሣና የጣት አሻራ፣ የቀጣሪውን ስም፣ የደመወዙን መጠን፣ ሥራ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ቀን ይዘረዝር ነበር። ብዙዎች በትንሽ የብረት መያዣ ከትተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ሳይዝ የተገኘ ሰው በገንዘብ ወይም በእስራት ይቀጣ ነበር። ቀጣሪው በወረቀቱ ላይ ፈርሞ ካላሰናበተው ሠራተኛው ሌላ ሥራ መግባት ስለማይችል፣ የነጭ ሰፋሪዎች እርሻ ጉልበት እንዳይሸሸው ማሰሪያው ይኸው ወረቀት ነበር።

ተቃውሞው ብዙ አልዘገየም። የመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ኦፕሬተር የነበረው ሃሪ ቱኩ በ1921 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበርን አቋቁሞ ኪፓንዴን፣ የግብር ጭማሪንና የደመወዝ ቅነሳን ተቃወመ። በመጋቢት 1922 ሲታሰር፣ ይፈታልን ብሎ ፖሊስ ጣቢያ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተተኮሰ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 21 ሲል፣ ሌሎች ከዚያ የበለጠ እንደሆነ ተናግረዋል። ቱኩም ወደ ኪስማዩ ተጋዘ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ምዝገባው ዘር ሳይለይ እንዲሆን አዲስ ሕግ ወጣ። ሰፋሪዎቹ በበኩላቸው የጣት አሻራ መስጠትን እንደ ውርደት ቆጥረው አጥብቀው ተቃወሙት።

ባንክ መሆኑ

መንግሥት በ1970 ከናሽናል ኤንድ ግሪንድሌይስ ባንክ የኬንያ ሥራ 60 በመቶውን ድርሻ በመያዝ የኬንያ ንግድ ባንክን፣ የዛሬውን ኬሲቢን፣ አቋቋመ። ባንኩ በኋላ ሕንፃውን ገዝቶ ቅርንጫፍ ከፈተበት።

ፊቱ ያለው ጎዳና ቀድሞ ሲክስዝ አቬኑ፣ ቀጥሎም በታዋቂው የሰፋሪዎች መሪ ስም ዴላሜር አቬኑ ይባል ነበር። ከነፃነት በኋላ የዴላሜር ሐውልት ከቦታው ተነሥቶ ጎዳናው በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስም ተሰየመ። ኪፓንዴ ሃውስ ግን ስሙ አልተቀየረም፤ ባንኩም ቅርንጫፉን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ በጎዳናው ላይ ከቅኝ ግዛቱ ዘመን የተረፈው ስያሜ የገዢዎቹ ሳይሆን፣ ወረቀቱን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሰዎች ይናገሩት የነበረው ቃል ሆኗል።