የመንገድ ሠራተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር

ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ወደ ኖርዌይ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1897፣ ኦስሎ ገና ክርስቲያኒያ ትባል በነበረ ጊዜ፣ ከአንድ የመንገድ ሠራተኛ ቤት አይናር ጌርሃርድሰን ተወለደ። ልጁም እንደ አባቱ አካፋና ዶማ ጨብጦ የከተማዋን መንገድ ሠራ። ሃያዎቹን እንደ ጀመረ የሥራ ባልደረቦቹ የማኅበራቸው መሪ አደረጉት። ከዚያ ወደ ሠራተኛ ፓርቲ፣ በ1930ዎቹም ወደ ኦስሎ ከተማ ምክር ቤት ዘለቀ።

በ1940፣ ጀርመኖች አገሩን በወረሩበት ዓመት፣ የከንቲባነቱን ወንበር ያዘ። ወራሪዎቹ ብዙም ሳይቆዩ አነሡት፤ በማግሥቱ ዓመት አሰሩት። ግሪኒ እስር ቤት፣ ከዚያ ጀርመን አገር ሳክሰንሃውዘን ማጎሪያ፣ በ1944 ደግሞ መልሰው ግሪኒ። ግሪኒ የታጎሩት እስረኞች የአንድ ፓርቲ ሰዎች አልነበሩም። ጦርነቱ ሲያልቅ አገሪቱ እንዴት ትቁም? እያሉ ተመካከሩ። በ1945ቱ ምርጫ ፓርቲዎቹ ሁሉ የተቀበሉት የጋራ መርሐ ግብር ጅማሬው ከእንዲህ ያለው ምክክር ነው። አንድ ሽቦ አጥር ውስጥ አብሮ የተራበ ሰው ከተቃዋሚው ጋር መነጋገር አያቅተውም ብዬ አምናለሁ።

በግንቦት 1945 ወደ ከንቲባነቱ ተመለሰ፤ በሰኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ሰሜኑን ፊንማርክን አቃጥለውት ነበር፤ ቤት የሌለው ብዙ ነው። በ1946 መንግሥት ለቤት መሥሪያ የሚያበድር ባንክ አቋቋመ። እሱ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖም ከቤተሰቡ ጋር በተራ አፓርታማ ይኖር ነበር። ኖርዌያውያን «የአገር አባት» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ታዲያ ኅዳር 5 ቀን 1962 ስቫልባርድ በተባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ላይ፣ ኪንግስ ቤይ በተባለው የመንግሥት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደረሰ፤ 21 ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ ቀደምም በዚሁ ማዕድን ሰው አልቆ ነበር። ምርመራው የጥንቃቄ ጉድለት አገኘ፤ ተቃዋሚዎች «ባለቤቱ መንግሥት ነውና መንግሥት ይጠየቅ» አሉ። ልክ ነበሩ እላለሁ፤ የሞቱት እኮ እሱ የወጣበት የሠራተኛው መደብ ልጆች ናቸው። በነሐሴ 1963 ፓርላማው በመንግሥቱ ላይ የመተማመኛ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከሠራተኛ ፓርቲ ተገንጥለው በወጡ ግራ ዘመሞች ሁለት ድምፅ ሚዛኑ ተዛባ፤ 76 ለ74። መንግሥቱ ወደቀ።

ተተኪው መንግሥት ግን አራት ሳምንት ብቻ ቆየ፤ ጌርሃርድሰን ተመለሰ። በ1965 ፓርቲው በምርጫ ሲሸነፍ ሥልጣኑን አስረከበ፤ ከዚያም እስከ 1969 እንደ ማንኛውም እንደራሴ ፓርላማ ተቀመጠ። በ1987 በ90 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስም፣ የእሱን ያህል ዘመን ኖርዌይን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመራ ሌላ ሰው አልተገኘም።