ስለ ሽምብራ ኩሬ ጦርነት

ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት እንድናዘጋጅ በተፈቀደልን ጊዜ፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር በአንድ ግሥ ምክንያት ተከራከርን። ጽሕፈቱ የሚያምረው ጓደኛችን «ዐፄ ልብነ ድንግል ዘመቱ፤ ግራኝ አሕመድ መጣ» ብሎ ጀምሮ ነበር። ወላጆቹ የሐረር ተወላጆች የሆኑት ልጅ ይህን አይቶ «አንደኛውን አንቱ ብለህ ሁለተኛውን አንተ የምትለው ስለ ምን ነው? በእኛ ቤት ኢማም አሕመድ ይባላሉ» አለው። አያቷ ከሸዋ የመጡት ልጅ ደግሞ «እኔን በልጅነቴ አልተኛም ስል ያስፈራሩኝ የነበረው በዚሁ ስም ነው» አለች። ሶማልኛ ተናጋሪው ጓደኛችን «በእኛም ቋንቋ ጉሬይ ማለት ግራኝ ማለት ነው፤ እኛ ግን ለማወደስ እንለዋለን» ሲል ነገሩ የባሰ ተወሳሰበ። መጋላ የብዙ ቋንቋ ሰፈር ስለ ሆነ እንዲህ ያለው ክርክር አያስገርምም። የታሪክ መምህራችን ግን «መጀመሪያ የሆነውን አጥኑ፤ ግሡን ኋላ ትመርጣላችሁ» ብለው አሰናበቱን።

የሆነው እንዲህ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና በልጅነታቸው ዘውድ ጭነው ነበር። በምሥራቅ በኩል የአዳል ሱልጣን አቡ በክር በ1512 ዓ.ም. መናገሻቸውን ወደ ሐረር አዛወሩ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እኚህን ሱልጣን አስወግደው ኃያል ሆኑ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም ግብር መላክ ቀረ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ በዐፄ ልብነ ድንግል ጦር የተገደሉት የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ነበሩ። እንግዲህ በጠቡ ውስጥ ሃይማኖትና ግብር፣ ወደ ዘይላ የሚወርደውም የንግድ መንገድ ቢኖሩበትም፣ የደም ቂም ደግሞ ነበረበት።

ሁለቱ ወገኖች በመጋቢት ወር 1521 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1529፣ በሞጆ አካባቢ ሽምብራ ኩሬ በተባለው ስፍራ ተገናኙ። ከከተማችን ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ሞጆን አቋርጦ ስለሚሄድ፣ ከመካከላችን ብዙዎች ሳያውቁት በዚያ አገር አልፈዋል። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ከየጠቅላይ ግዛቱ፣ እያንዳንዱ በየአለቃው ሥር ሆኖ የተሰበሰበ ነበር። የኢማሙ ሠራዊት በቁጥር ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ አብሮ የዘመተና የአንድ ሰው ትእዛዝ የለመደ ነው። ከብርቱ ውጊያ በኋላ ድሉ የኢማሙ ሆነ።

ቁጥሩን የምናገኘው ዓረብ ፈቂህ ተብለው የሚታወቁት ሺሃብ አድ-ዲን በዓረብኛ ከጻፉት «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ነው። እንደ እርሳቸው አጻጻፍ ንጉሡ 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ሲኖራቸው፣ ኢማሙ 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ብቻ ነበራቸው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል፤ ጸሐፊው የአሸናፊው ወገን ናቸውና። በ1415 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ በአዠንኩር የፈረንሳይን ሠራዊት ድል ባደረጉ ጊዜም የድሮ ጸሐፊዎች የተሸናፊውን ቁጥር እጅግ አብዝተውት ነበር። አን ከሪ የተባሉት የታሪክ ምሁር የወታደሮችን የደመወዝ መዝገብ ሲመረምሩ ግን ልዩነቱ ሲወራ እንደ ኖረው አለመሆኑን አሳይተዋል። ለሽምብራ ኩሬ የደመወዝ መዝገብ አልተገኘለትም። ሆኖም ዓረብ ፈቂህን ያመሰገንንበት አንድ ነገር አለ፤ ከአሸናፊዎቹም 5,000 ያህል ሰው መሞቱን አልደበቁም።

ደግሞም ድሉ እንዳሰቡት ወዲያው አላስኬደም። ወታደሮቹ ወደ ቤታችን እንመለስ ስላሉ ኢማሙ ወደ ሐረር ለመመለስ ተገደዱ። በ1523 ዓ.ም. መድፍ ይዘው ሲመለሱ በአንጾኪያ እንደ ገና ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ የተቃጠለው አብያተ ክርስቲያናትና የጠፋው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ይህን ስንጽፍ የሐረሩ ጓደኛችንም ዝም ብሎ አዳመጠ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ኢማም አሕመድ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ በዐፄ ገላውዴዎስና በፖርቱጋሎች ጦር ተገደሉ። ድል ወንበራም የሐረርን ግንብ ያሠሩትን ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ፤ በ1551 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ ከኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። እንዲህ እያለ ቂሙ ሠላሳ ዓመት ሄደ።

ወደ ግሡ ስንመለስ፣ አንባቢዎቻችን እንዳያችሁት ሁለቱንም አንቱ ብለን ጽፈናል። ለዚህ የመጀመሪያውን መስመር የጻፈው ጓደኛችን ራሱ እጁን አወጣ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንጾኪያ በኋላ «ሸሹ» ይባል ወይስ «አፈገፈጉ» በሚለው ግን የሸዋዋ ልጅና የሐረሩ ልጅ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ሄደበት ቀን ድረስ አልተስማሙም። ስለዚህ «ከአምባ ወደ አምባ ተዘዋወሩ» እንዲባል ተወስኗል።