በጣና ሐይቅ ላይ የጭነት ማመላለስ ታሪክ፤ ስለ መርከቡና ስለ ሠራተኛው

በባሕር ዳር ከተማ ጧት በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር የወረደ ሰው ሁለት ዓይነት ማጓጓዣ ያያል። አንደኛው በሞተር የሚሄደው ጀልባ ነው፤ ሁለተኛው ከደንገል የታሰረው ታንኳ ነው። ስለ መጀመሪያው በየዘመኑ የተነሡት መንግሥታት ሁሉ አስበውበታል፣ ገንዘብም አውጥተውበታል። ስለ ሁለተኛውና በላዩ ተቀምጦ ስለሚቀዝፈው ሰው ግን አብዛኛውን የጻፉት መንገደኞችና አገር ጎብኚዎች ናቸው።

ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ንጹሕ የመርከብ ጉዞ ብዙ ይነገራል። ነገሩ ሁለት ጥያቄ አለው፤ መርከቡ ምን ያነዳል የሚለው አንዱ ነው፣ ጭነቱን የሚያነሣውና የሚያወርደው ሰው እንዴት ይኖራል የሚለው ሁለተኛው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው፣ በጣና ላይ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከመቶ ዓመት በላይ ተለያይተው መኖራቸውን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ከታንኳው እንጀምር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ግን ጥልቀቱ እምብዛም ያልሆነ ሐይቅ ነው። በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በነዶ በነዶ እየታሰረ፣ ነዶው ከነዶ ጋራ እየተጠፈረ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሎ ታንኳ ይሆናል። ሚስማር የለውም፤ ቅጥራንም አይቀባም። ስለዚህ ውሃ አያስገባም ሊባል አይቻልም። የሚንሳፈፈው ውሃ ስለማያስገባ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ባለ ታንኳው ይህን ስለሚያውቅ ከወለሉ በላይ ሌላ የደረቀ ደንገል ደልድሎ ጭነቱን በዚያ ላይ ያስቀምጣል። ቡናው፣ እህሉ፣ ማገዶው ደረቅ ሆኖ ይሻገራል። ቀዛፊው ግን በታች ተቀምጦ ከወገቡ በታች እየራሰ ይሄዳል። የታንኳው አሠራር እንዲህ ነው፤ ዕቃው ደረቅ፣ ሰውየው እርጥብ።

መቅዘፊያውም እንደ ሌላው አገር ጫፉ የሰፋ አይደለም፤ ረጅም የሸምበቆ ዘንግ ነው፤ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ ይመታል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ስለሚያስቸግር ጉዞው በማለዳ ይጀመራል፤ መንገዱም ዳር ዳሩን ነው። ከደረሱ በኋላ ታንኳው ውሃ ስለ ጠጣ እንዲደርቅ በዛፍ ወይም በድንጋይ ተደግፎ ይቆማል። እንዲህም እየተጠበቀ ዕድሜው ረጅም አይደለም፤ ሲበሰብስ ይጣላል፣ ሌላ ይታሰራል። የተጣለውም ተመልሶ አፈር ይሆናል። ጢስ የለው፣ ዘይት አያንጠባጥብ፣ ስብርባሪው ሐይቁን አያቆሽሽ፤ ንጹሕ ማጓጓዣ ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ነገር ግን የዚህን ንጽሕና ዋጋ የሚከፍለው የቀዛፊው ጉልበትና ጤና መሆኑን መርሳት አይገባም። ታንኳውን እያደነቁ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን አያስተውሉም፤ እኛም መጀመሪያ ስናይ አላስተዋልንም ነበር።

በታንኳ ሥራ ስማቸው ከሁሉ በፊት የሚነሣው ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገል ማጨድ፣ ታንኳ ማሰር፣ ዓሣ ማጥመድ፣ በቀድሞ ጊዜም ጉማሬ ማደን፣ እንዲሁም የወፍጮ ድንጋይ መጥረብ የእነሱ ሙያ ነበር። ሐይቁን ያለ እነሱ እጅ ማንም በቀላሉ አይሻገረውም ነበር። ዳሩ ግን ጎረቤቶቻቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ጉማሬ ይበላሉ በማለት ማዕድ አይጋሯቸውም፤ አይጋቡምም ነበር። በታንኳቸው ለመሻገር ያልተጸየፈ ሰው በቤታቸው ውሃ ለመጠጣት ይጸየፋል። የሥራው ዋጋ ዝቅ ያለው ሥራው ቀላል ስለ ሆነ ሳይሆን ሠሪው የተናቀ ስለ ሆነ ነው ብለን እናምናለን፤ በኋላ የምናየውም ነገር ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በሐይቁ ምሥራቃዊ ደቡብ ዳርቻ የምትገኘው ቆራጣ የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። ማዶ ያለው የዘጌ ምድር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በሬ የማይጠመድበት፣ ማረሻ የማይገባበት የቡና ጫካ ነው። ስለዚህ ዘጌ እህሉን የሚያገኘው ቡናውን ሸጦ ነው፤ የመገበያያው መንገድም ሐይቁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን በዘጌ አስፍረው ሳሉ ይህን የውሃ መንገድ በሌላ ዓይን ተመለከቱት። በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ብላንክ እንደ ጻፈው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የፈረንጆችን የእንፋሎት መርከብ ለመምሰል ብለው ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጠሙለት። ፈረንጆቹ በነገሩ ፈገግ ብለዋል። እኛ ግን በጣና ላይ መንግሥት ስለ መርከብ ያሰበበት ጊዜ ከዚህ ይጀምራል ብንል ስሕተት አይመስለንም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መንኰራኵሩን የሚያዞር እንፋሎት አልነበረምና የሚያዞረው ሰው ነበር። መርከቡ አዲስ ሆነ፤ ጉልበቱ የቀድሞው ጉልበት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የውጭ መንግሥታት ጣናን የተመለከቱት እንደ መንገድ ሳይሆን እንደ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የሚናገረው ውሃው እንዳይገደብ ነው። የአሜሪካው የጄ.ጂ. ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ መሐንዲሶችም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጀመሪያ የመጡት ግድብ ለማጥናት ነበር። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሚስተር ቺዝማን በ1910ሮቹና በ1920ዎቹ ሐይቁን ዞሮ ደሴቶቹን ጎብኝቷል፤ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን አሳትሟል። የተጓዘው በታንኳ ነው። ሆኖም ሁሉም የውሃውን መጠን ሲለኩ በውሃው ላይ የሚያመላልሰው ሰው ድካም የመለኪያቸው ጉዳይ አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው የጣሊያን ወረራ ነው። ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ጣሊያኖች ናቪጋታና የሚባል የመርከብ ኩባንያ አቋቁመው የሞተር ጀልባ በሐይቁ ላይ አሰማሩ፤ ጎርጎራን የሰሜን ወደብ፣ ባሕር ዳርን የደቡብ ወደብ አደረጉ። ሐሳባቸው ጎንደርን ከጎጃም ጋራ በውሃ ማገናኘት ነበር። ከዚህ ወዲያ በጣና ላይ ሁለት ዓለም ሆነ። የሞተሩ ዓለም የጉዞ ሰዓትና የጭነት ታሪፍ ያለው ነው፤ የደንገሉ ዓለም ደግሞ በስምምነትና በልማድ የሚሠራ ነው። በሞተሩ ወደብ ላይ ለአገሬው ሰው የተረፈው ሥራ ያን ጊዜ ኩሊ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ጫኝና አውራጅ የሚባለው ነው።

ከነፃነት በኋላ የባሕር ዳር ዕድገት በየብስ መጣ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ የዓባይ ድልድይና የመኪና መንገድ ከተማዋን ከአዲስ አበባና ከጎንደር ጋራ አገናኙ። የሐይቁ ዙሪያ ዋና ጭነት ወደ መኪና ሲዞር በውሃው ላይ የቀረው የደሴትና የባሕረ ገብ ምድር ሰዎች ጉዳይ ሆነ። ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ጀልባ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እየነካ በሁለት ቀን ጎርጎራ ይደርስ ነበር። ለደቅ ሰው ይህ ጀልባ ሐኪም ቤትም፣ ገበያም፣ ፍርድ ቤትም ማለት ነው። ጀልባው በማይመጣበት ቀን ታንኳው አለ።

በዚሁ ዘመን የሠራተኛ ሕግ ወጣ። በ1954 ዓ.ም. የታወጀው፣ በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 የጸናው የአሠሪና ሠራተኛ ደንብ ለአገራችን ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኞች ያስፈልጉ ነበር። እንግዲህ በባሕር ዳር ይህን የሚያሟላው የፋብሪካው ሠራተኛ ነው። ለአምስትና ለስድስት ነጋዴ እየተቀያየረ የሚሸከመው ኩሊ፣ ራሱ አሠሪም ሠራተኛም የሆነው ባለ ታንኳ፣ ከሕጉ ደጃፍ ውጭ ቀሩ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሚመለከተው በቅጥር ውል ላይ የተመሠረተን ግንኙነት ነው። ቀዛፊው የተፈራረመው ከማን ጋራ ነው? ከሐይቁ ጋራ ካልሆነ በቀር።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ሲያወጣ ትራንስፖርትን ከዋና ምሰሶዎቹ ጋራ ቆጥሮታል፤ ስለ ኤሌክትሪክ ባቡርና ስለ ዘመናዊ ተሽከርካሪ በሰፊው ይናገራል። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ቅርስነት ተመዘገበ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ሐይቁ የተጠበቀ ነው። በውሃው ላይ ግን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ በተለይ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻውን ሸፍኖ ለጀልባም ለታንኳም መንገድ ዘጋ። እምቦጩን ለመንቀል የወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው ነው፤ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ። ደንገሉም በበኩሉ ለእርሻና ለግንባታ ዳርቻው ሲደረቅና ሲታጨድ እየሳሳ ሄዷል። ነገደ ወይጦ ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ወደ ዳር እየተገፉ፣ ነዶ ለማግኘት ከቀድሞው የራቀ መንገድ ይሄዳሉ።

ይህን ስንል ታንኳው ከኀጢአት ሁሉ የነጻ ነው ማለታችን አይደለም። ከዘጌ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው ማገዶ የተቆረጠው ከዚያው ከቡናው ጥላ ዛፍ ነው። ንጹሕ ማጓጓዣ ንጹሕ ያልሆነ ጭነት ሊያመላልስ ይችላል። ማገዶውን የሚቆርጠው ግን ሌላ ሥራ የሌለው ስለ ሆነ ጥያቄው ተመልሶ ወደ ሠራተኛው ይመጣል።

በሌላ በኩል በዚሁ ከተማ፣ ከታንኳው ማረፊያ ብዙ ሳይርቅ፣ አስደናቂ ነገር አለ። ባሕር በሌላት አገር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም የመካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ምሩቃንን ለዓለም የንግድ መርከቦች መሐንዲስነት ያሠለጥናል። እነዚህ ወጣቶች የሚገቡበት ዓለም በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በመርከብ ነዳጅ ውስጥ ያለው ድኝ ከ0.50 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዘ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመርከቦች ልቀት በ2050 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ተስማማ። በዚህ ጊዜ የመርከብ ባለቤቶችና የሠራተኞች ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው የሠራተኛውን ነገር አነሡ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናታቸው አዲሱን ነዳጅ ለመያዝ እስከ 800,000 የሚደርሱ መርከበኞች ተጨማሪ ሥልጠና ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ገመተ። ማለት ቢያንስ ጥያቄው ተጠይቋል፤ ቁጥር ተሰጥቶታል።

እኛ ይህን ስናነብ ወደ ጣና ዘወር አልን። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት የምትባለው፣ 38 ሜትር የምትረዝም፣ 188 ሰው የምትይዝ መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጎትታ ወደ ሐይቁ መጣች። በየከተማው ሕዝቡ እየወጣ ተመለከታት፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየተነሣላት፣ መንገድ እየተጠረገላት ተራራ ወጣች፣ ወረደች። እንዲህ ያለ መርከብ ለደቅና ለጎርጎራ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የሚቃወም ሰው አይገኝም፣ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን ስለ እርስዋ ሲነገር የተሰማው ርዝመትዋ፣ ክብደትዋና የወንበሯ ብዛት ነው። ከዐፄ ቴዎድሮስ መንኰራኵር ጀምሮ የመርከቡ መጠን ይነገራል፤ ጭነቷን ማን እንደሚሸከም፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው፣ ሞተሩ ሥራውን ሲወስድበት ባለ ታንኳው ከወደቡ ምን ቦታ እንደሚያገኝ አይነገርም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ወደ ገበያው ዳር ወርደን ታንኳ ሲራገፍ ተመልክተናል። ሁለት ወንዶች ማገዶውን አወረዱ፤ ሴቶቹ በገመድ አስረው በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ ወጡ። ወንዶቹ ታንኳውን ከውሃ ጎትተው በዋርካ ግንድ ላይ አስደገፉት። ውሃው ከደንገሉ ሥር ረጅም ጊዜ ይንጠባጠብ ነበር። ሰዎቹ በዚያው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ልብሳቸው እስኪደርቅ ጠበቁ።