ደሙን የማይነካው ፓምፕ

ዲያሊሲስ የሚያደርግ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ማሽኑ ፊት ላይ ያለማቋረጥ የምትዞር ትንሽ ነገር ሳታዩ አትቀሩም። ቱቦውን እየተጫነች ደሙን ወደፊት የምትገፋው እሷ ናት። ዛሬ የሷን ታሪክ ላጫውታችሁ።

ማይክል ደቤኪ ይባላል። ከሊባኖስ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ ወላጆች የተወለደ ልጅ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኒው ኦርሊንስ በሚገኘው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማር ነበር። ቱቦን በሮለር እየጨመቁ ፈሳሽ የመግፋት ሐሳብ ከሱ በፊትም ነበር፤ እሱ አሻሻለውና እ.ኤ.አ. በ1934 ለደም መስጫ የሚሆን ፓምፕ አድርጎ አሳተመው። 19 ዓመት ቆይቶ፣ ግንቦት 6 ቀን 1953 (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ውስጥ ዶክተር ጆን ጊበን የአንዲት የ18 ዓመት ልጅ ልብ ከፍቶ ሲጠግን፣ ለ26 ደቂቃ የልቧንና የሳንባዋን ሥራ የሠራው ማሽን ደሙን የሚገፋው በሮለር ፓምፕ ነበር። ልጅቷ ዳነች።

ምስጢሩ ምንድነው? ፈሳሹ የሚነካው ቱቦውን ብቻ ነው። ሞተሩን አይነካ፣ ብረቱን አይነካ። አንጀታችን ምግብ የሚገፋውም በመጭመቅ ነው እኮ! ለዚህ ነው ይኸው ፓምፕ ወተትና ጁስ በሚቀዳበት ፋብሪካም የሚሠራው፤ ቱቦውን ቀይሮ መቀጠል ነው።

ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሮለሩ በጣም ከጠበቀ ቀይ የደም ሴል ይፈጫል፤ ከላላ ደግሞ ፈሳሹ ወደኋላ ይመለሳል። ፓምፑን ባሳነስከው ቁጥር በአንድ ዙር የሚገፋው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት፣ ቱቦውም ቶሎ ያልቃል። አየህ፣ ማሳነስ በነፃ አይገኝም።

አንድ ጊዜ፣ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ የሚገጠምለት ቱቦ ስለጠፋ ብቻ ተሸፍኖ ቆሞ አይቻለሁ። ታካሚዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ያን ቀን የገባኝን ክፍል ውስጥ በደንብ አላስተማርኳችሁም መሰለኝ፣ አሁን ልበለው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ የሕክምና ዕቃ ዲዛይን የምታደርጉ፦ ከሞተሩ በፊት ቱቦውን አስቡ። ከየት ይመጣል? በስንት ይገዛል? ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ልትቀይረው ትችላለች? ደቤኪም ሲጀምር ተማሪ ነበር። በርቱልኝ።