አልኮልን በሜታል ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ መለካት

አልኮልን በሜታል ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ መለካት በመጠጥ ወይም በሌላ ፈሳሽ ውስጥ ያለን ኤታኖልና ሜታኖል በኤሌክትሪክ ፍሰት የማወቅ ዘዴ ነው። ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት ኦክሳይዶች በብዛት ያገለግላሉ። ቦርዴ፣ ጠጅና አረቄ በየቤቱ በሚዘጋጁበት በጋሞ ዞን ዘዴው የሚገጥመው ፈተና ከመጠጥ መጠጥ ይለያያል።

አሠራር

ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ እንደ መስታወት የተወለወለ የካርቦን ገጽ በኒኬል ኦክሳይድ ይለበጥና ኮስቲክ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ኒኬሉ ኤሌክትሮን ያጣል፤ ከአልኮሉ ሃይድሮጅን ነጥቆም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኤሌክትሮዱ ደግሞ መልሶ ያድሰዋል። አልኮሉ በበዛ ቁጥር ዙሩ ይፈጥናል፤ ፍሰቱም ያድጋል። ፕላቲነምም ይህን ሥራ ይሠራል፤ ግን ውድ ነው፣ በሂደቱ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድም ገጹን ይሸፍንበታል።

አመጣጥ

ጀማሪው ማን ነው ለሚለው መልሱ እንደ አተረጓጎሙ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1962 ጃፓናዊው ቴትሱሮ ሴያማና ባልደረቦቹ በዚንክ ኦክሳይድ ጋዝ መለየት እንደሚቻል አሳተሙ። በዚያው ዓመት ናኦዮሺ ታጉቺ በቲን ኦክሳይድ ለሚሠራ መሣሪያ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ዓላማው በየቤቱ የሚያፈተልክ የማብሰያ ጋዝ ፍንዳታ ከማስከተሉ በፊት ማስጠንቀቅ ነበር። ዛሬ በትንፋሽ ያለን አልኮል የሚለዩ ርካሽ ሴንሰሮች የታጉቺ መሣሪያ ዘር ናቸው። ሆኖም እነዚህ የሚለኩት የኦክሳይዱን የኤሌክትሪክ መቋቋም እንጂ በፈሳሽ ውስጥ የሚደረግ የኤሌክትሮን ልውውጥን ስላልሆነ፣ በጠባቡ ትርጉም የኤሌክትሮኬሚስትሪ ሴንሰር ላይባሉ ይችላሉ።

በፈሳሽ በኩል መነሻ ተደርጎ በብዛት የሚጠቀሰው ፍላይሽማን፣ ኮሪኔክና ፕሌቸር እ.ኤ.አ. በ1971 በኒኬል ኤሌክትሮድ ላይ ስለ አልኮልና መሰሎቹ ያወጡት ጥናት ነው። ማርቲን ፍላይሽማን በዓለም ስሙ የገነነው ግን በዚህ ሳይሆን፣ ከስታንሊ ፖንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ባደረገውና ሌሎች ሊደግሙት ባልቻሉት «ቀዝቃዛ ፊውዥን» (በተራ ሙቀት የኑክሌር ውህደት) ነው። የኒኬሉ ጥናት ግን እስካሁን ይጠቀሳል።

በጋሞ ዞን መጠጦች

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት፣ በዶርዜ፣ እንግዳ በአረቄ ይስተናገዳል። አረቄ ከድፍድፉ በእንፋሎት ስለሚወጣ ንባቡን የሚያዛባ ስኳር አይከተለውም፤ ስለዚህ ለኒኬል ኤሌክትሮድ የተመቸ ነው። ችግሩ ጥንካሬው ነው። አልኮሉ 40 በመቶ ከሆነ በሊትር ወደ 316 ግራም ኤታኖል ይይዛል፤ ይህ ለኤሌክትሮዱ ከመጠን በላይ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር አረቄ በውሃ ቀጥኖ አንድ ሊትር ሲሞላ ግን በሊትር ወደ 7 ሚሊሞል ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ንባቡ ልክ ይይዛል።

ቦርዴ ሌላ ነገር ነው። ከበቆሎና ከሌሎች እህሎች በብቅል የሚጠመቅ፣ እንደ ምግብም የሚያጠግብ ወፍራም መጠጥ ሲሆን፣ ሳይውል ሳያድር ይጠጣል እንጂ ካደረ ይኮመጥጣል። ኒኬል ኦክሳይድ ግሉኮስንም እንደ አልኮል ስለሚያነብ፣ በቦርዴና ማር ባለው ጠጅ ላይ የሚታየው ቁጥር ከእውነተኛው አልኮል ሊበልጥ ይችላል። መጠጡን አስቀድሞ ማጥለልና አልኮሉን በእንፋሎት መለየት ይመከራል።

ተዛማጅ ሥራ በኢትዮጵያ

መዓረግ አማረና ሽመልስ አድማሴ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአልኮል ባይሆንም፣ በሜታል ኦክሳይድ ፈንታ በፖሊመር በተለበጠ የካርቦን ኤሌክትሮድ በቡና ውስጥ ያለን ካፌይን የመለካት ዘዴ አሳትመዋል።

ገደብ

ትልቁ ድክመት ሜታኖል ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተለውጦ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ሜታኖል፣ ኒኬል ኦክሳይድ ላይ ከኤታኖል ጋር በተቀራረበ ቮልቴጅ ይነበባል። ኤሌክትሮዱ «አልኮል አለ» ይላል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ የአንድ ኒኬል ኤሌክትሮድ ንባብ ብቻውን ለአረቄ ደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ የተለመደው መሣሪያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው።