ከጥንቸሏ አጥንት አልላቀቅ ያለው ብረት

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ ጥርስ አስተከልኩ» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩትና «ለመሆኑ ነገሩን ማን እንደጀመረው ታውቃለህ?» ብለው «የጥርስ ሐኪም ነዋ!» አለኝ። አይደለም ወዳጄ። የጀመረው የጥንቸል የደም ሥር ሲመለከት የኖረ ሰው ነው።

ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ይባላል፤ ስዊድናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የሚያጠናው አጥንት ሲጎዳ እንዴት እንደሚድን፣ በተለይ በመቅኔ ውስጥ ያሉት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ምን እንደሚሠሩ ነበር። ችግሩ አጥንት መስታወት አይደለም። ከሞተ እንስሳ ቆርጦ ማየት ይቻላል፤ ግን በሞተ አካል ውስጥ ደም አይዘዋወርም፣ ቁስልም አይሽርም።

መንገዱን በከፊል ሌሎች ጠርገውለታል። ጣሊያናዊው ማልፒጊ በ1661 እነዚህን ቀጫጭን ሥሮች በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ አይቷል። ሳንዲሰን የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በ1924 በጥንቸል ጆሮ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ «መስኮት» ገጥሞ አዲስ ሥጋ ሲበቅል በማይክሮስኮፕ ማየት እንደሚቻል አሳየ። ብሮነማርክ መስኮቱን ወደ እግር አጥንት ወሰደው፤ አቃፊውን ከቲታኒየም አሠራና በጥንቸሏ አጥንት ውስጥ አስገባው። ቁስሉ ሲሽር፣ ደሙም ሲፈስ ለወራት ተመለከተ።

ጥናቱ ሲያልቅ ብረቱን ላውጣ ቢል እምቢ አለ። አጥንቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል!

ብዙዎች ይህን «በአጋጣሚ የተገኘ» ይሉታል። እኔ አልስማማም። ጤነኛ መቅኔ ምን እንደሚመስል፣ የተቆጣ ሥጋ ደግሞ እንዴት እንደሚለይ ለዓመታት ያላየ ሰው ቢሆን ተናዶ ብረቱን ነቅሎ ይጥለው ነበር። በዘመኑ የነበረው እምነት ባዕድ ነገር አጥንት ውስጥ ከገባ ሰውነት በስስ ሽፋን ከብቦ ያገልለዋል የሚል ነው። ብሮነማርክ ግን ያየው ሌላ ነው፤ ስሙንም ኦሲዮኢንቴግሬሽን አለው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአሠራሩ ጥንቃቄ ነው። ደም ሥሩ ከሞተ አጥንቱ አይድንም። ስለዚህ አጥንት የሚበሳው ቀስ ተብሎ፣ ጨው ባለው ውኃ እየቀዘቀዘ ነው። የእሱ ባልደረቦች በ1983 በጥንቸል ላይ በዚያው የመስኮት ዘዴ እንዳሳዩት 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ደቂቃ ብቻ አጥንትን ለመጉዳት ይበቃል። ከዚያም ብሎኑ ከገባ በኋላ ጥርሱ ሳይገጠምበት ለወራት ይጠበቃል። (ልጄ፣ ሐኪምህ «ታገስ» ያለህ ለዚህ ነው።)

ጥንቸሎቹን ስታስቡ ቅር የሚላችሁ ትኖራላችሁ። እኔንም ቅር ይለኛል፤ ግን ታሪኩን ያለነሱ መናገር አልችልም።

በ1965 ጎተንበርግ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ታከመ፤ ሲወለድ ጀምሮ መንጋጋው የተበላሸና ጥርስ የሌለው ሰው ነበር። የሀገሩ የጥርስ ሕክምና ሊቃውንት ግን ለዓመታት አላመኑም፤ ሰውየው የጥርስ ሐኪም እንኳ አይደለማ! የዓለም ባለሙያዎች በብዛት የተቀበሉት በ1982 ቶሮንቶ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ነው። ያ የመጀመሪያው ታካሚ በ2006 ሲሞት፣ ከ40 ዓመት በፊት የተተከሉለት ብሎኖች እዚያው መንጋጋው ውስጥ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር።