አብሽና ተምር፦ የእናቶቻችን መድኃኒት ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በሰፈራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። አንዷ ጎረቤት ገንፎ ታገነፋለች፣ ሌላዋ አብሽ ትዘፈዝፋለች፣ አቅም ካለም ተምር ይገዛል። ይህን ያስተማረን ማን ነው ብለን ግን አንጠይቅም። ሽማግሌዎች «የአያቶቻችን ልማድ ነው» ብለው ያልፉታል፤ ከተማሩት ልጆቻችን አንዳንዶቹም «ኋላ ቀርነት ነው» ይላሉ። እስቲ ዛሬ ኪታቦቻችንን ገለጥ ገለጥ እያደረግን፣ ይህ የአራስ ቤት ምግብ ምን ታሪክ እንዳለውና የቀደሙት ሰዎች በምን አኳኋን ይጠቀሙበት እንደነበር አብረን እንመልከት።

ከመርየም ምጥ እስከ ዓኢሻ ቤት

ቁርኣን ስለ አንዲት እናት ምጥና ስለ ምግቧ በሱረቱ መርየም ከ23ኛው አንቀጽ ጀምሮ ይነግረናል። ምጡ መርየምን (ዐ.ሰ.) ወደ ተምር ግንድ አስጠጋት፤ ከጭንቀቷም የተነሳ ሞትን ተመኘች። ያን ጊዜ ግንዱን እንድትወዘውዝ፣ የሚረግፈውን እሸት ተምር እንድትበላ፣ ከበታቿ ከፈሰሰው ውኃ እንድትጠጣና እንድትጽናና ተነገራት። ልብ በሉ! አላህ (ሱ.ወ.) ተምሩን ያለ ምንም ሰበብ እጇ ላይ ሊያኖርላት ይችል ነበር። ሆኖም ያቺን ደካማ ሴት ግንዱን ነቅንቂ አላት። ዑለማዎቻችን ከዚህ በመነሳት ሰበብ ማድረስ በአላህ ከመመካት ጋር እንደማይጋጭ አስተምረዋል።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤትም የምናገኘው ይህንኑ ነው። እማችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ልጅ ሳለች ሰውነቷ ቀጭን ስለነበር እናቷ ከሠርጓ በፊት ልታወፍራት ብዙ ሞከረች። አልሆነም። በመጨረሻ የሠራላት ኪያር ከእሸት ተምር ጋር መብላት እንደነበረ አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጀህ ዘግበዋል። ካደገች በኋላ ደግሞ ከቤተሰቧ ሰው ሲሞትና ለቅሶ የመጡት ሴቶች ሲበተኑ ተልቢና እንዲሠራ ታዝ ነበር። ተልቢና ከዱቄት፣ በተለይም ከገብስ፣ የሚሠራ ቀጭን ሙቅ ነው። የታመመን ሰው ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘኑም እንደሚያቀልለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማቷን ለሴቶቹ ትነግራቸው እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በሐዘን የተጎዳች ሴት እህል አልወርድ ሲላት ሙቅ ይዛችሁላት የምትሄዱ እናቶች ሆይ፣ ሥራችሁ ከዚያ ቤት ሥራ ጋር እንደሚመሳሰል እወቁ።

ፈሪቃ የሚባለው ምግብ

አሁን ወደ አብሹ እንምጣ። ዐረቦች አብሽን «ሑልባ» ይሉታል። የሐረር ሰዎችም «ሑልበት» ነው የሚሉት። በ711 ዓመተ ሂጅራ (በ1311 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ኢብኑ መንዙር፣ ሊሳኑል ዐረብ በተባለው ታላቅ መዝገበ ቃላታቸው «ፈሪቃ» የሚል ቃል አስፍረዋል። ትርጉሙም ለአራስ ሴት ተምርና አብሽ አንድ ላይ ተቀቅሎ የሚዘጋጅ ምግብ ማለት ነው። ውድ አንባቢያን፣ ለአራስ ምግብ ብቻውን ስም አውጥቶ የጠራ ሕዝብ ለእናቶቹ ምን ያህል ይጨነቅ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ751 ዓመተ ሂጅራ (በ1350 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ኢብኑል ቀይምም በዛዱል መዓድ ስለ አብሽ ጽፈዋል። የተቀቀለ አብሽ ጉሮሮን፣ ደረትንና ሆድን እንደሚያለሰልስ፣ ሴት በአብሽ ውኃ ውስጥ ብትቀመጥም ለማሕፀን ሕመም እንደሚጠቅም ያነሳሉ። እዚያው ላይ አንድ ዘገባ ይጠቅሳሉ። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) መካ ውስጥ ታመሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊጠይቋቸው ሄደው ሐኪም ይጠራ አሉ። የሠቂፉ ሰው አል ሓሪሥ ኢብኑ ከለዳ ተጠራ። በሽተኛውን አይቶም ከአብሽና ከዐጅዋ ተምር ፈሪቃ እንዲሠራላቸው አዘዘ። አቡ ዳውድም ሰዕድን ወደዚሁ ሐኪም ስለ መላክ የሚናገር ሌላ ዘገባ አላቸው፤ በሰነዱ ላይ ግን ዑለማዎች ተናግረዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የታዘዘው መድኃኒት አብሽና ተምር ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ሐኪም ተጠራ፣ ሐኪሙም በሽተኛውን አየ፣ ከዚያ በኋላ አዘዘ። እኛ ብዙ ጊዜ አብሹን ይዘን ሐኪሙን እንረሳለን።

የኔ ስሕተት

ይህን የምለው ራሴ ስለ ወደቅሁበት ነው። ገና መድረሳ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን የአንድ ጎረቤቴ ሚስት ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ባልየው በሌሊት መጥቶ «ኡስታዝ፣ ምን ይሻላል?» አለኝ። እኔም ጥቁር አዝሙድ ከሞት በስተቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ መሆኑን የሚናገረውን ሐዲሥ ነግሬው፣ አዝሙድ በማር አስይዤ ሰደድኩት። ሲነጋጋ እናቴ ሰማች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ግን አራስ ስትጠይቅና ስታርስ ኖራለች። «አንተ ልጅ! አዝሙድህ ደም ያቆማል ያለህ ማን ነው? ተነስ፣ ሰው ጥራ!» አለችኝ። በቃሬዛ ተሸክመን ሐኪም ዘንድ አደረስናት። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ግን ዛሬ ይህን ለመጻፍ ድፍረት አይኖረኝም ነበር።

ሐዲሡ ሶሒሕ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ኢማም አል ኸጧቢ ያ አነጋገር ጠቅላላ ይምሰል እንጂ የታሰበበት የተወሰነ የበሽታ ዓይነት መሆኑን እንዳብራሩት ኋላ ተማርኩ። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚናገር ሐዲሥም በአቡ ዳውድ፣ በነሳኢና በኢብኑ ማጀህ ተዘግቧል። ያ ሐዲሥ እንደኔ ላለው ኡስታዝ ነው።

የቀደሙት ሐኪሞች መንገድ

የጥንት ሙስሊም ሐኪሞች ምግብን አልናቁም፤ በምግብም ብቻ አላቆሙም። በዐሥረኛው ምዕተ ዓመት በቁርጡባ የኖሩት ዐሪብ ኢብኑ ሰዕድ ስለ ፅንስ፣ ስለ እርጉዝ ሴቶችና ስለ ሕፃናት አያያዝ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በማላጋ ተወልደው በ1248 እ.ኤ.አ. በደማስቆ የሞቱት ኢብኑል በይጧር በአል ጃሚዕ ኪታባቸው 1,400 ያህል መድኃኒቶችንና ምግቦችን መዝግበዋል። አል ዘህራዊ ደግሞ አት ተስሪፍ በተባለው ሥራቸው ሠላሳኛ ክፍል፣ ሕፃኑ ተገላብጦ ሲመጣ አዋላጇ ምን ማድረግ እንዳለባት አስተምረዋል፤ የማዋለጃ መሣሪያዎችንም በሥዕል አሳይተዋል። ሕፃን የተጋደመባትን ሴት በአብሽ እናዋልዳት አላሉም።

የዛሬ ዘመን ምርመራም ከዚህ መንገድ አይርቅም። በዮርዳኖስ ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከመውለጃቸው በፊት ለ4 ሳምንት በቀን 6 ተምር የበሉ 69 ሴቶች ካልበሉ 45 ሴቶች ጋር ተነጻጸሩ። የበሉት ሴቶች ሐኪም ቤት ሲደርሱ ማሕፀናቸው ይበልጥ ተከፍቶ ተገኘ፤ ምጥ ማምጫ መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ያነሱ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ነገሩን አይቆርጠውም። አብሽ ወተት ይጨምራል በሚለው ላይም የጥናቶች ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። በተጨማሪም አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሐኪሟን ትጠይቅ። እርጉዝ ሴትም በወጥ ከሚገባው አልፋ በብዛት አትጠጣው።

እንግዲህ ውድ እናቶችና አባቶች፣ ገንፎውም ይገንፋ፣ አብሹም ይዘፍዘፍ፣ ተምሩም ይምጣ፤ አራሷን ያበረታል፣ ልቧንም ያሳርፋል። ነገር ግን ጨርቁ ቶሎ ቶሎ በደም ከራሰ፣ ራሷን ካዞራት፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ወይም ብርቱ የራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ገንፎው እስኪበስል አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ አድርሷት። በዓለም ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ከሁሉ ይበልጥ እናቶችን የሚገድለው የደም መፍሰስ ነው። ግንዱን መነቅነቅ ማለት ለኛ ይኸው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) አራሶቻችንን በሰላም ከቤታቸው ያውጣልን፣ እናቶቻችንንም በጤና ያቆይልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።